የሚገዙበትንም የሚሸጡበትንም ዋጋ ይጥሩ

ጡረታ በወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ሥራ አስኪያጁ ንግግር ሲያደርግ ስሜ ጠፍቶበት ሁለት ጊዜ ወደ ጸሐፊዋ ዞር አለ። ሰዎቹ አጨበጨቡ፣ ለስላሳ ጠጣን፣ እኔም ሰዓቱን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ በባጃጅ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ እንግዳ እንዲያየው ብላ ከበሩ ትይዩ ሰቀለችው። ይሄው ቀን ከሌት ቀጭ ቀጭ ይላል። አልወደውም።

ስለ ሥራ ዘመኔ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ሰው ሆኜ፣ ልጅ ወልጄ ነው። አሁንም አንድ ገጽ እስክሞላ ድረስ ሌላው ሰው ደብተሩን ይጨርሳል። ብዕር ያስያዘችኝ የጎረቤቴ ልጅ ሐዊ ናት። ኢኮኖሚክስ ተምራ ተመረቀች፣ ሥራ ፍለጋ አሰላን ስትዞር ከረመች፣ በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለ አንድ ጥራጥሬ የሚነግድ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራት። የምትወዳደረው ድርጅቱን ወክላ እንድትገዛና እንድትሸጥ ነው፤ እነሱ ትሬደር ይሉታል። ሄዳ ስትመለስ በቀጥታ እኔ ቤት ገባችና ሶፋው ላይ ዘጭ አለች።

"ጋሼ ተሾመ፣ ሰዎቹ እኮ ጤነኞች አይደሉም።"

የሆነውን ነገረችኝ። ሽንብራ የሞላበት፣ ክዳኑ የታሸገ ማሰሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡላት። ስንት ኪሎ ነው ብለው አልጠየቋትም። የምትገዢበትንም የምትሸጪበትንም ዋጋ በአንድ ጊዜ ጥሪ፣ ከሁለቱ የፈለግነውን እኛ እንመርጣለን አሏት። እሷ ደግሞ መጀመሪያ ገዢ ናችሁ ወይስ ሻጭ አለቻቸው። ሳቁባት። እንደምንም የሆነ ነገር ቀባጥራ ወጣች፤ ለሁለተኛ ዙር ጠርተዋታል፤ አሁን የሚያስጨንቃት ያንኑ መልሰው ቢጠይቁኝስ የሚለው ነው።

እሷ ተናድዳ ትናገራለች፣ እኔ ግን መስማቱን ትቼ ነበር። ያንን ጥያቄ አውቀዋለሁ። እዚሁ አሰላ፣ እሷ ገና ሳትወለድ፣ አንዲት ሴትዮ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ጠይቃኛለች። ወደ ሸክም ሊመልሰኝ አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር።

ከመጀመሪያው ልጀምር። እኔ የሳጉሬ ሰው ነኝ። ጉልበቴን የጨረስኩት በሐጂ ቃሲም የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። መጀመሪያ ተሸካሚ ነበርኩ፣ ከዚያ ሚዛን ላይ ቆምኩ፣ ከዚያ ሐጂ አጠገባቸው አስቀምጠው መግዛት አስተማሩኝ። አስተማሩኝ ስል በአፋቸው አይደለም። ሐጂ በአፋቸው ያስተማሩት ሰው የለም።

በመጋዘኑ በር በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ጆንያ የሚወጉበት ብረት አላቸው፤ ጫፉ ሾጣጣ፣ ሆዱ እንደ ቦይ የተቦረቦረ። በሩ አጠገብ ያለውን ጆንያ አይነኩም፤ ሻጭ ሁሉ ጥሩውን ፊት ያደርጋል። መሐል ያለውን ከታች በኩል ወግተው እህሉን መዳፋቸው ላይ ያፈሱታል፣ እፍ ብለው ገለባውን ያበራሉ፣ አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ይሰብራሉ። ውስጧ እንደ ዱቄት ነጭ ከሆነ ለቢራ የሚሆን ገብስ ነው። እንደ ጠርሙስ ካብለጨለጨ አይሆንም። የቀረውን ወደዚያው ጆንያ ይመልሳሉ፤ የሰው እህል መሬት ላይ ሲበትኑ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ስለ ዝናብ ይጠይቃሉ። ስለ ከብቶቹ፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቃሉ። ዋጋ አይጠይቁም፣ ዋጋም አይጠሩም። ሻጩ ጨንቆት "ሜቃ?" ይላል፤ ስንት ይላሉ ማለቱ ነው። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ሻጩ ደግሞ ይጠይቃል። ሐጂ ሰማይ ያያሉ። የሶላት ሰዓት ከደረሰ ብድግ ብለው ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ሰውየው ራሱ ዋጋ ጠርቶ፣ ራሱ ቀንሶ ይጠብቃቸዋል። በሳጉሬ ገበያ ቀድሞ የጠራ ሰው ተበላ። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ እንደ ሐጂ አድርጎ የሚችለው ግን አልነበረም። ከእሳቸው ቀጥሎ እኔ ነበርኩ።

አንድ ነገር ይቆረቁረኝ ነበር። ሁለት ሰው አፉን ዘግቶ ተፋጦ ዋጋው ከየት ይመጣል? ትናንት ያልነበረ ዋጋ ዛሬ ገበያው ላይ ይገኛል። ማን አመጣው? ሐጂን ጠይቄያቸው ነበር። ሰማይ አዩ።

የሐጂ ልጆች አደጉና ነገር ተለወጠ። አዲሱ አዝመራ ሳይገባ መጋዘኑን ባዶ አድርገን የሬዲዮና የቴሌቪዥን መደብር እንከፍታለን አሉ። ለእኔ ቦታ የለም። ያኔ ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ወገቤ በኩንታል ተሰብሯል፣ ሌላ የማውቀው ሙያ የለኝም። መሄጃዬ አንድ ብቻ ነው፤ ተመልሶ መሸከም። ሐኪሙ ደግሞ ከእንግዲህ ብትሸከም እግርህን አታዝዘውም ብሎኛል።

ያን ጊዜ ነው አሰላ ላይ አንድ የእህል ንግድ ድርጅት ቅርንጫፍ ከፍቶ በሳጉሬ በኩል የገብስ ገዢ ሻጭ እንፈልጋለን ብሎ ማስታወቂያ የለጠፈው። ማስታወቂያውን መናኸሪያው ግድግዳ ላይ በጣቴ እየተከተልኩ ራሴ አነበብኩት። የማታ ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ደርሼ ነበር፤ እነሱም የጠየቁት ስምንተኛ ነው። ጉልበቴ የሕጻን ዴስክ ሥር አልገባ እያለ የተማርኩት ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ።

ቃለ መጠይቁን ያደረጉት ሁለት ወንዶችና የቅርንጫፉ ኃላፊ ወይዘሮ ሰናይት ናቸው። ከአዲስ አበባ የተመደቡ፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ነበሩ። ስለ ገብስ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ከእኔ በፊት የገቡት ሁለት ተመራቂዎችም ያንኑ መልሰዋል፤ በሩ ስስ ስለነበር ሰምቻለሁ፣ በደንብ ነው የመለሱት። ከዚያ ወይዘሮ ሰናይት አፉ የተሰፋ ትንሽ ጆንያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"ገብስ ነው። እንዲከፍቱት አልፈቅድም። አቶ ተሾመ፣ የሚገዙበትንም የሚሸጡበትንም ዋጋ ይጥሩ። ከሁለቱ አንዱን እኔ እመርጣለሁ።"

እኔ ቀድሜ ልጥራ? ያውም ሁለቱንም? የልብስ ኪስን ገልብጦ እንደማሳየት ነው። ፈተናው ገባኝ መሰለኝ። ይህን ሰው አፉን ማስከፈት እንችላለን ወይ ብለው እየሞከሩኝ ነው አልኩ።

"እርስዎ ይጥሩ እንጂ" አልኳቸው።

"እኔ አልጠራም። ጥሪው የእርስዎ ነው።"

ዝም አልኩ። ሐጂ እንደሚሉት ዝም። ስለ ዝናቡ አንድ ሁለት ነገር ተናገርኩ፣ ወይዘሮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንደኛው ሰውዬ ሰዓቱን አየ። ሌላው ውሃ ቀዳ። ጣሪያው ላይ ዝናብ መውረድ ጀመረ፣ አባራ። ሴትዮዋም መጠበቅ ይችሉበታል፤ እንዲያውም በሆዴ አደነቅኋቸው። በመጨረሻ ወረቀታቸውን ሰበሰቡና አመሰግናለሁ አሉ። ተነሣሁ።

አሁን የምጽፈውን የገበያ ሰው ብቻ ነው የሚረዳኝ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። እኛ ጋ ጨዋታው ያለው አካሄድ ላይ ነው፤ ትሄዳለህ፣ ጥቂት እንደራቅህ ከኋላህ ይጠሩሃል። ስለዚህ ግቢውን ቀስ እያልኩ አቋረጥኩ። መሐል ላይ ቆሜ ያልተፈታ የጫማዬን ክር ፈትቼ አሰርኩ። ዘበኛው በሩን ከፈተልኝ። ደጅ ላይ ቆየሁ። ዘበኛው፣ አባቱ፣ የረሱት ነገር አለ እንዴ አለኝ። ማንም አልጠራኝም። በሳምንቱ የተለጠፈው ስም የእኔ አልነበረም።

ለሐጂ ስነግራቸው ደስ አላቸው። "አልጠራህም?" አሉ። አልጠራሁም አልኳቸው። "ጎበዝ" አሉ፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ጎበዝ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው። ምን ያደርግልኛል። ቤቴ ገብቼ ያንን የተሰፋ ጆንያ ሳስበው አመሽ ነበር። ተናድጄ ብቻ አይደለም፤ ማወቅ ፈልጌ ነው። ያቺ ሴትዮ ሞኝ አይደለችም። ታዲያ ሞኝ የማይጠይቀውን ይህን ጥያቄ ምን ፈልጋ ጠየቀች?

የገባኝ መስቀል ላይ፣ ቅርጫ ስናርድ ነው። የሰፈራችን ሰዎች በሬ ተጋርተን ገዛን፤ መደቡን የምደለድለው እኔ ነኝ። ሥጋው በቅጠል ላይ በየመደቡ ይቀመጣል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ምልክት ይሰጣል፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ እንጨት። የማን ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ይጥላል። ጠጠርህ ያረፈበትን ይዘህ መሄድ ነው። ጉበቱን እየከፋፈልኩ ከአንዱ መደብ ቆረስ አድርጌ ወደ ሌላው ወረወርኩ። መልሼ አየሁ፤ አሁን ያኛው በዛ። መለስኩ። ለምንድን ነው እንዲህ የምጨነቀው? የትኛው እንደሚደርሰኝ ስለማላውቅ ነዋ። የትኛውም ቢደርሰኝ እንዳይቆጨኝ ነዋ። ቢላዋውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

"ምነው ተሼ፣ በሬው ተነሣብህ እንዴ?" አለ ከጎረቤቶቼ አንዱ። ሰዉ ሳቀ።

ወይዘሮ ሰናይት ያሉኝ ደልድል ነው። አንተ ደልድል፣ እኔ አነሣለሁ። ሁለቱንም ዋጋ ስትጠራ የትኛውን እንደምመርጥ ስለማታውቅ እውነተኛውን ዋጋ ትጠራለህ ማለታቸው ነው። ዓይኔ ሥር ለዓመታት ሲሠራ የኖረ ነገር።

በዓሉ እንዳለፈ አሰላ ሄጄ ቢሯቸው ገባሁ። ቦታው ተይዟል ሊሉኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ ቢያንስ መልሱን ነግሬ ልውጣ ብዬ ነው። የቅርጫውን ነገር ነገርኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ከዚያ የቀጠሩት ልጅ ባንክ አገኘሁ ብሎ ከሄደ ጥቂት ቀን እንደሆነው ነገሩኝ። አነጋገራቸውም ያን ጊዜ ከእርስዎ ወደ አንተ ወረደ፤ ደስ አለኝ።

"በቃል ማን ያቅተዋል" አሉ። "ሳጉሬ ውስጥ ዋጋ ጥራ ቢሉት የማይጠራ ከባድ ሰው አለ?"

"አንድ አለ።"

"ሂድና ሁለቱንም ጥራለት። አንድ መኪና ገብስ፣ በድርጅቱ ስም። የመረጠውን መጥተህ ንገረኝ።"

"ባይመርጥስ?"

"ካልመረጠ ሁለቱን አራርቀሃቸዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ እኔም አልፈልግህም።"

ሳጉሬ የደረስኩት በገበያ ቀን ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ መንገዱን ሙሉ ዋጋዎቼን ስደለድል ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር አሰብኩ፣ ብልጠት የመሰለኝን። የሐጂ መጋዘን ሙሉ ነው፤ ባለፈው ዓመት ገብስ እስከ ጣሪያው። ልጆቻቸው አዲሱ አዝመራ ሳይገባ ባዶ ይሁን ብለዋል። እንግዲህ ሐጂ ሻጭ ናቸው፤ ሌላ ሊሆኑ አይችሉም። ሻጭ ከሆኑ ሁለቱንም ዋጋ ዝቅ ላድርገው፣ ለድርጅቱ በርካሽ ገዝቼ ልግባ፣ ሴትዮዋም ይደነቁብኝ። ቁጥሩን አልጽፈውም፤ የዛሬ ሰው ቢያነበው የአንድ ኩንታል ሳይሆን የአንድ ዳቦ ዋጋ ይመስለዋል።

ሐጂ በርጩማቸው ላይ ነበሩ። ሰላም ተባባልን፣ ስለ ዝናቡ ተነጋገርን። ከዚያ ጠራሁላቸው።

"ሐጂ፣ አንድ መኪና ገብስ። በዚህ እገዛለሁ፣ በዚህ እሸጥልዎታለሁ። የፈለጉትን ይምረጡ።"

መቁጠሪያው ቆመ። አዩኝ። ሰው ፊት ልብሴን ያወለቅሁ ነው የመሰለኝ። ዓይናቸውን ከእኔ አንሥተው በመጋዘኑ አሻግረው ወደ ገበያው ተመለከቱ፣ ለረጅም ጊዜ። ይሸጡልኛል ብዬ፣ ሽያጭ የሚጸናው እጅ በመማታት ነውና፣ እጄን እያዘጋጀሁ ነው።

"ገዛሁ" አሉ።

"ሐጂ፣ መጋዘንዎ እኮ ሙሉ ነው።"

"ጠርተሃል። ገዛሁ። ገብሴን አምጣ።"

እጄን መቱኝና ወደ መቁጠሪያቸው ተመለሱ። እኔ አንድ ፍሬ ገብስ የለኝም። የሌለኝን እህል፣ ያውም ዝቅ ባለ ዋጋ፣ በሰው ድርጅት ስም ሸጬ ቆሜያለሁ። ወደ አሰላ የሚመለሰው ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ሥራው ቀርቷል፤ እንዳያሳስሩኝ ብቻ ነው የምለምነው።

ወይዘሮ ሰናይት ስነግራቸው አልተቆጡም። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

"መጋዘኑ ሙሉ ሆኖ ገዛ?"

"አዎ።"

"ለምን?"

"አላውቅም።"

ስልኩን አንሥተው አዲስ አበባ ደወሉ። ገብስ ዛሬውኑ ግዙ፣ ከየትም ይሁን፣ ያገኛችሁትን ሁሉ አሉ። ምክንያት ሲጠየቁ አንድ የሚያውቅ ሰው ገዝቷል አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም። ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ።

"ዋጋህ የተጣመመ ነበር። ግን ሰውየው በቃል የማይናገረውን አናግረኸዋል። አሁን ሂድና ለምን እንደገዛ እወቅ። ደመወዝህ ከዛሬ ይታሰባል።"

ደመወዝ የሚለውን ቃል ስሰማ ሰው ፊት እንዳላለቅስ ብዬ ቶሎ ወጣሁ። ያን ቀን ዘበኛው ምንም አልጠየቀኝም።

በማግሥቱ የዘንድሮውን አዝመራ ላይ ብዬ የገብስ አገር በቆጂ ነበርኩ። ከከተማው ወጥቼ ማሳው ውስጥ ገባሁ። ገብሱ ከሩቅ ያማረ ነው፤ ነጣ ያለ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ። ያለ ወጉ ቀጥ ብሎ። ዛላውን ጨበጥኩት፤ ባዶ። ሌላውን ጨበጥኩ፤ እሱም ባዶ። ፍሬው ሳይሞላ ውርጭ መቶታል። አንድ ገበሬ አጥሩ ላይ ተደግፎ እያየኝ ነበር። እሱ የሚያየውን እኔም እያየሁ ነበር። የሰውየው ዓመት እዚያ ቆሞ ነበር።

የሐጂን ገብስ ድርጅቱ ገዝቶ አደረሰላቸው፤ የጠራሁትን ዋጋ ወይዘሮ ሰናይት አላጠፉም። ሐጂ እንደ ማንኛውም ሻጭ ቆጥረውኝ፣ በር ላይ ያለውን አልፈው መሐል ያለውን ጆንያ ከታች ወጉት፣ ሰበሩ፣ መለሱ። ሲጨርሱ ጠየቅኋቸው። ሐጂ፣ እባክዎ፣ እንዴት አወቁ? በቆጂ አልሄዱ፣ ማንም አልነገረዎ።

"በጎቹን አላየህም?"

የእህል ገበያው ማዶ ያለውን የበግ ተራ በአገጫቸው አሳዩኝ። የደጋ ሰው እህሉ ካልከዳው በቀር አጨዳ ሳይደርስ በጉን አይሸጥም። ያን ሰሞን ግን ከላይ በኩል የሚመጣው ሰው ሁሉ በግ ይነዳ ነበር። ሐጂ ያን ያህል ዓመት በር ላይ ተቀምጠው ሰማይ የሚያዩ ሲመስለኝ፣ የሚያዩት የበግ ተራውን ኖሯል። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ የማየው እሳቸውን ነበር።

"መጋዘኔን አይተህ ነው የጠራህ" አሉ። "ሻጭ ነው ብለህ። እንግዲህ ሁለቱንም የምትጠራ ከሆነ የሰው ጎተራ ውስጥ አትግባ።"

ሐጂ ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም እንዲህ ረጅም ንግግር ነግረውኝ አያውቁም።

ከዚያ በኋላ ያለው የመሥሪያ ቤት ታሪክ ነው። ወይዘሮ ሰናይት ብዙም ሳይቆዩ ተዛወሩ፤ ከእሳቸው በኋላ የመጡት አለቆች ግማሾቹ ገብስና ስንዴ ለመለየት ስብሰባ የሚጠሩ ነበሩ። በቆጂ መድበውኝ በብርዱ መገጣጠሚያዬን ጨረስኩ። አቦምሳ ሰደውኝ በሙቀቱና በአቧራው ሳልኩ። ዕድገት ሲመጣ ዲግሪ ላለው ሰጡ፤ ዲግሪ ያለው ሲሄድ ሥራውን ለእኔ፣ ወንበሩን ለሌላ ሰጡ። በዚህ አልዋሽም፣ ይመረኛል። ግን አንድም ቀን ሥራው አልሰለቸኝም። ሁለቱንም እጠራለሁ፣ ሰው ይመርጣል፣ እኔ ለምን እንደመረጠ ሳጣራ እከርማለሁ። አንዱ ልጁን ሊድር ነው። አንዱ የዝናቡን ነገር ከእኔ በፊት ሰምቷል። አንዱ ሚስቱ ተቆጥታው ነው። ዋጋ ከየት ይመጣል ብዬ ሐጂን ጠይቄ አልነበር? ከዚያ ነው የሚመጣው። ሰው አፉ የማይለውን እጁ ሲመታ ትሰማለህ።

ይህን ሁሉ ለሐዊ ነገርኳት። ሰማች፣ ሰማችና ገባኝ አለች። የዩኒቨርሲቲ ልጅ ገባኝ ሲል አላምንም።

"እንግዲያው እንሞክር" አልኳት። ማሰሮ የለኝም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አሳየኋት። "የምትገዢበትንም የምትሸጪበትንም ጥሪ።"

ሰዓቱን አየች። እኔን አየች። ከሥሩ የተጻፈውን ስለ ረጅም ዘመን ታማኝ አገልግሎት የሚለውን አነበበች። ፊቷ ላይ ሐሳቧን አየሁት፤ ሽማግሌው የሥራ ዘመኑን ማስታወሻ ሞቶም አይሸጠውም፣ በርካሽ ጠርቼ አላስቀይመው አለች። ሁለቱንም ዋጋ ሰቅላ ጠራቻቸው። ለዚያ ሰዓት አይደለም፣ ለግድግዳውም ይበዛል።

"ሸጥኩልሽ" አልኳት።

"ጋሼ፣ እንዴ፣ ሽልማትዎ እኮ ነው።"

"ጠርተሻል። ሸጥኩ።"

ወንበር አቅርቤ አወረድኩላት። ሰዓቱን ታቅፋ፣ አፏን ከፍታ በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ቀስ ብሎ ገባት፤ አሁን እውነተኛው መግባት ነው፣ ዓይኗ ላይ ታየኝ። ገንዘቡን የመጀመሪያ ደመወዜን ስቀበል አመጣለሁ አለችና እየሳቀች ወጣች። ቤቱ ጸጥ አለ። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ግድግዳውን አየች፣ ማን ወሰደው አለችኝ።

ትሬደር አልኳት።